ስለ «ኤፒሶድ ቱ» የሰጣችሁት ምክር ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ተኩስ ጌሞች ኤክስፓንሽን፣ ማለትም ከዋናው ጌም በኋላ ስለሚወጡ ተከታይ ክፍሎች፣ የቀረበው ጽሑፍ አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ኤክስፓንሽን ሁሉ አዲስ ጠመንጃና አዲስ ካርታ መሸጫ እንዳልሆነ፣ አንዳንዱ ታሪኩን ወደፊት እንደሚያራምድ በሚገባ አስረድቷል። «ሃፍ ላይፍ 2፡ ኤፒሶድ ቱ» ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። ጸሐፊው ጌሙ አጭር ነው፣ ዋናውን ያልተጫወተ ሰውም በቀጥታ ሊጀምረው ይችላል፣ የመጨረሻው ውጊያ ከልክ በላይ ስለሚከብድ ደግሞ የማጭበርበሪያ ኮድ መጠቀም ይሻላል ይላል። ማጠሩ እውነት ነው፤ ሳይቸኩል የሚጫወት ሰው በስድስት በሰባት ሰዓት ይጨርሰዋል። የቀሩት ሁለት ምክሮች ግን አንባቢን ያሳስታሉ። አንዱ ሌላውን ስለሚወልድም ጉዳታቸው ድርብ ነው፤ ከመሃል የጀመረ ሰው ቀዳሚዎቹ ክፍሎች የሚያስተምሩትን ሳይማር ይመጣል፣ ሳይማር የመጣ ደግሞ የመጨረሻው ውጊያ ላይ ይወድቃል፣ ሲወድቅም ኮድ ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ስለ ቅደም ተከተሉ። «ሃፍ ላይፍ 2» የወጣው በኅዳር 2004 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። «ኤፒሶድ ዋን» በሰኔ 2006፣ «ኤፒሶድ ቱ» ደግሞ በጥቅምት 2007 ተከተሉ። ሦስቱ አንድ ታሪክ ናቸው። «ኤፒሶድ ቱ» የሚከፈተው «ኤፒሶድ ዋን» ባበቃበት ቅጽበት፣ በተገለበጠ ባቡር ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ከተማ 17 ለምን እንደወደመች፣ ሰማዩ ላይ የሚሽከረከረው ያ ግዙፍ ቀዳዳ ምን እንደሆነ፣ አብራችሁ የምትጓዘው አሊክስ ቫንስ ማን እንደሆነች ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳችሁም። በዚህ ጌም ውስጥ ካሜራው ከምትጫወቱት ሰው ከጎርደን ፍሪማን ዓይን አይወጣም፣ ጎርደንም አንዲት ቃል አይተነፍስም። ታሪኩን የምታገኙት ጎናችሁ የሚቆሙት ሰዎች ከሚናገሩት፣ በመንገዳችሁ ከምታዩት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በገዛ እጃችሁ ከምትሠሩት ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። በዋናው ጌም ውስጥ ስትራይደር የሚባለው ባለ ሦስት እግር ረጅም ፍጥረት ሲመጣ ተጫዋቹ ከፍርስራሽ ወደ ፍርስራሽ እየሮጠ ሮኬት በሮኬት ላይ ይደራርብበታል፤ አንዱን ለመጣል እንኳ ሮኬቱ አልቆ ሳጥን ፍለጋ ይኬዳል። በ«ኤፒሶድ ቱ» መጨረሻ ይኸው ፍጥረት በመንጋ ይመጣል፣ ለእናንተ ግን አንዱን በአንድ ጊዜ የሚያፈነዳ መሣሪያ ይሰጣችኋል። ያንን የቀድሞውን መከራ ያየ ተጫዋች የመጀመሪያው ስትራይደር አየር ላይ ሲበታተን ምን እንደተለወጠ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ከዚህ የጀመረ ሰው ግን የሚያየው አንድ ትልቅ ነገር መፈንዳቱን ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ዋናው ጌም ግራቪቲ ጋን የተባለውን ዕቃ አንሺና ወርዋሪ መሣሪያ የሚሰጠው ከብዙ ጉዞ በኋላ ነው። ከሰጠ በኋላ ደግሞ ጥይት በሚያጥርበት ቦታ እያስገባ ያለማምዳል፤ ቀኝ ቁልፍ ይስባል፣ ግራ ቁልፍ ይወረውራል። «ኤፒሶድ ዋን» ልምምዱን ይቀጥላል፤ ዞምባይን የሚባሉት የወታደር ዞምቢዎች ቦምብ መዝዘው ሲጠጉ ቦምቡን ከእጃቸው በግራቪቲ ጋን መንጠቅ ይቻላል። በጨለማ ውስጥ ደግሞ አሊክስ የምትተኩሰው ባትሪያችሁን ያበራችሁበት ላይ ነው። ማለትም የእናንተ ሥራ ማብራት፣ የሷ ሥራ መተኮስ ይሆናል። «ኤፒሶድ ቱ» ሲጀምር መሣሪያው ገና ከመነሻው እጃችሁ ላይ ይገባል፣ አጠቃቀሙንም ታውቁታላችሁ ብሎ ያስባል። ሳትለማመዱ ከመጣችሁ ጠላት ባያችሁ ቁጥር እጃችሁ ወደ ጠመንጃ ይሄዳል፣ ጥይቱም በመሃል ያልቃል።

ጽሑፉ ኤፒሶዶቹን ለየብቻ ግዙ ማለቱም ጊዜው አልፎበታል። ከኅዳር 2024 ጀምሮ፣ ጌሙ 20 ዓመት ሲሞላው በወጣው ማሻሻያ፣ ሁለቱም ኤፒሶዶች «ሃፍ ላይፍ 2» ውስጥ ገብተዋል። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ «ሃፍ ላይፍ 2»ን የገዛ ሦስቱንም ያገኛል፣ ከአንድ ማውጫ ላይ መርጦ ይከፍታል። እነዚህን ጌሞች በአንድ ያሰባሰበው የድሮው «ኦሬንጅ ቦክስ» ዲስክ ያላቸው በኤክስቦክስ 360 ሊጫወቱት ይችላሉ፤ ዲስክ በሚቀበሉት አዲሶቹ ኤክስቦክሶችም ይሠራል። የፕሌይስቴሽን 3 ቅጂ የተሠራው በሌላ ቡድን ሲሆን ብዙ ጠላት ሲወጣ ይንቀራፈፋል። ለፕሌይስቴሽን 4 እና 5 የተሠራ የለም፤ የፕሌይስቴሽን 3 ዲስክም እነሱ ላይ አይሠራም። ስለዚህ እዚህ ላለው አብዛኛው ተጫዋች ትክክለኛው ቦታ ኮምፒውተር ነው።

ኮምፒውተሩም ውድ መሆን የለበትም። ጌሙ የተሠራው ለ2007 ማሽኖች ስለሆነ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ተራ የቢሮ ላፕቶፕ ይችለዋል። ከበደው ካላችሁ መጀመሪያ የምትቀንሱት ሪዞሉሽኑን ሳይሆን ጥላውንና የውሃ ነጸብራቁን ነው፤ የሚያደክሙት እነሱ ናቸው። የዳታ ወጪ ለሚያስጨንቀው፣ ስቲም በ2023 ያስገባው የጎረቤት ኮምፒውተር ቅጂ አገልግሎት አለ፦ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ዋይፋይ ወይም በአንድ ኬብል መስመር ላይ ከሆኑና ሁለቱም ስቲም ከከፈቱ፣ ጌሙን ከኢንተርኔት በማውረድ ፈንታ ካለው ኮምፒውተር ወደ ሌለው ይገለብጣል። ቅንብሩ ውስጥ ማስተላለፉን መፍቀድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱም የሚጠየቀው በሁለቱም ወገን ነው። መግዛት ግን ግዴታ ነው፤ ቅጂው ፋይሉን እንጂ ባለቤትነቱን አያስተላልፍም። አንዴ ገብታችሁ ጌሙን አንድ ጊዜ ከከፈታችሁ በኋላ ስቲምን ከመስመር ውጭ አድርጋችሁ ያለ ኢንተርኔት መጫወት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አራት ነገር አስተካክሉ። የእይታ ስፋቱን ከ75 ወደ 90 ከፍ አድርጉ፤ ይህ ጌም ሰውን የሚያጥወለውለው አብዛኛውን ጊዜ በጠባቡ እይታ ምክንያት ነው፣ በተለይ መኪናው ውስጥ። ስዕሉን በፍጥነት ጊዜ የሚያደበዝዘውን ሞሽን ብለር አጥፉት። የድምፅ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ የንግግር ጽሑፉን አብሩ፤ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ንግግርን ብቻ፣ ሌላው የጠላትን ድምፅ ጭምር ይጽፋል። ሁለተኛውን ምረጡ፤ በዋሻ ውስጥ ምን ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ይነግራችኋል። አራተኛው የሴቭ ነገር ነው። ኤፍ 6 በፍጥነት ሴቭ ያደርጋል፣ ኤፍ 9 ይመልሳል፤ ኤፍ 6 ግን ያለፈውን እየደመሰሰ ስለሚጽፍ፣ ልትሞቱ አንድ ሰከንድ ሲቀራችሁ ከነካችሁት ያቺን ሰከንድ እየደጋገማችሁ ስትሞቱ ታመሻላችሁ። ከትልቅ ውጊያ በፊት በማውጫው ገብታችሁ ለብቻው አዲስ ሴቭ ክፈቱ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ድርብ ጥቅም አለው።

ጌሙ ሰባት ምዕራፍ ነው። ሁሉንም መተረክ አያስፈልግም፤ ሰው የሚሰናከልባቸውን ቦታዎች ልጥቀስ።

መጀመሪያ ላይ ሀንተር የሚባል አዲስ ጠላት መጥቶ አሊክስን ክፉኛ ያቆስላታል። እናንተ በዚያን ጊዜ ፍርስራሽ ተጭኗችሁ መንቀሳቀስ አትችሉም። ብዙ ሰው የተሸነፈ መስሎት ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል። ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ታሪኩ የሚፈልገው ያንን አቅም ማጣት ነው። ቆማችሁ እዩት።

ከዚያ ማዕድን ማውጫው ውስጥ ግሪግስና ሼክሊ ከሚባሉ ሁለት ሰዎች ጋር ቮርቲጎንት የሚባሉት አጋር ፍጥረታት እስኪደርሱ ድረስ ቦታውን ትከላከላላችሁ። አንትላዮን የሚባሉት ትልልቅ ነፍሳት በየዋሻው አፍ ይወጣሉ። እዚህ የሚሸነፉት አንድ ዋሻ ፊት ቆመው የሚቀሩ ናቸው። መሃል ላይ ቁሙ፣ የትኛው ዋሻ እንደሚያንቧርቅ ስሙ፣ ወደዚያ ሩጡ፣ የወደቀውን አውቶማቲክ ተኳሽ በግራቪቲ ጋን አንሥታችሁ አቁሙት፣ ተመለሱ። ያ የቆመ ተኳሽ ከእናንተ ጥይት በላይ ይሠራል። ቦታው ጥይትና መድኃኒት ስላለው እዚህ መቆጠብ አያስፈልግም። የሁለቱ ሰዎች ንትርክም ከጌሙ አስቂኝ ንግግሮች አንዱ ነው፤ ውጊያው ጋብ ሲል ቆማችሁ ስሙት።

ቀጥሎ የአንትላዮኖቹ ጎሬ ውስጥ ትገባላችሁ፤ አሊክስን የሚያድናት ፈሳሽ ያለው እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ የሚያበሩ እጮች አሉ። ስትጨፈልቋቸው ትንሽ ጤና ይሰጣሉ፤ በጌሙ ውስጥ በጠቅላላው 333 ናቸው፣ ሁሉንም ለጨፈለቀ ሽልማት አለው። ለሽልማቱ ካልተጫወታችሁ ግን ስትጎዱ ብቻ ጨፍልቁ፤ ጤና ሙሉ ሆኖ የተጨፈለቀ እጭ የባከነ ነው። በዚያው ዋሻ ውስጥ አረንጓዴ የሚያበራ ግዙፍ ጠባቂ ያሳድዳችኋል። አትተኩሱበት። ቮርቲጎንቱ ምክንያቱን ይነግራችኋል፦ ፈሳሹ ሳይወሰድ ጠባቂው ከሞተ ፈሳሹ ይበላሻል። የሚጠበቅባችሁ እሱ ወደማይገባባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች መሮጥ፣ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ቀጣዩ መሮጥ ነው። ጽሑፉ ላይ ጌሙ ሳንካ አለበት፣ ጠላቱ አይሞትም ተብሎ የቀረበው ቅሬታ ከዚህ የመጣ ይመስላል። ተራው በኋላ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ጥይታችሁን ሁሉ አውጡ። በነገራችን ላይ በዚህ ክፍል የባትሪው ኃይል ከሩጫው ኃይል ተለይቷል፤ በዋናው ጌም እየሮጡ ማብራት አንዱ ሌላውን ይበላ ነበር፣ እዚህ ሁለቱንም በአንድ ላይ ተጠቀሙ።

አሊክስ ድና ከተነሣች በኋላ የጌሙ መልክ ይለወጣል። ከዋሻ ወደ ሜዳ፣ ከእግር ወደ መኪና ትወጣላችሁ። መኪናው ጣሪያ የሌለው፣ አካሉ የተገፈፈ አሮጌ ነው፤ ኢ ቁልፍ ያስገባል ያስወጣል፣ ሺፍት ፍጥነት ይጨምራል፣ ስፔስ የእጅ ፍሬን ነው። ሺፍትን መታጠፊያ ላይ አትንኩ። በዚህ ጉዞ ላይ የቸኮለ ሰው ብዙ ይቀርበታል፤ ከመንገድ ወጣ ያሉት ቤቶች ጥይትና መድኃኒት ይዘዋል፣ አሊክስም የምትናገረው ስትቆሙ ነው። ከኋላ ሄሊኮፕተር መጥቶ ቦምብ ሲዘራባችሁ በጠመንጃ ልትጥሉት አትሞክሩ። ከመኪናው ወርዳችሁ ሽፋን ያዙ፣ የጣለውን ቦምብ በቀኝ ቁልፍ ቅለቡት፣ ቀና ብላችሁ በግራ ቁልፍ ወርውሩበት። ቦምቡን ይዛችሁ ረጅም ጊዜ አትጠብቁ፤ እጃችሁ ላይ ይፈነዳል። ሄሊኮፕተሩ በጎን ሲያልፍ ከመወርወር ቦምብ ለመጣል ፊት ለፊት ሲመጣ መወርወር ይሻላል፤ ያን ጊዜ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።

ሀንተሮቹ ከዚህ በኋላ ይበዛሉ። ስለነሱ ሦስት ነገር ይታወቅ። የሚተኩሱት ትንንሽ ጦር መሰል ነገር ሲሆን ሲሰካ ወዲያው አይፈነዳም፤ ትንሽ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ከጎናችሁ ያለ ግድግዳ ላይ ከተሰካ ያንን ግድግዳ ልቀቁ። ሁለተኛ፣ ጥይት በጣም ይችላሉ፣ ከባድ ዕቃ ግን አይችሉም። ግንድ፣ የመኪና ጎማ፣ በርሜል፣ የብረት ማሞቂያ፣ ያገኛችሁትን አንሥታችሁ ፊት ለፊት ወርውሩ፤ ጠመንጃ ግማሽ የጥይት ካርታ ጨርሶ የማይጥለውን አንድ ሁለት ውርወራ ይጥለዋል። ከዚህም በላይ ዕቃውን እንደ ጋሻ ስትይዙት የተኮሱት ጦር እሱ ላይ ይሰካል፤ ያንኑ መልሳችሁ ብትወረውሩባቸው በራሳቸው ጦር ይፈነዳሉ፣ ለዚህም ሽልማት አለ። ሦስተኛ፣ በመኪና መግጨት ይቻላል። ሲያዩአችሁ ገለል ለማለት ይሞክራሉ፤ ሌላ ነገር ላይ ሲያነጣጥሩ ከጎን ወይም ከኋላ መምጣት ይሻላል።

እነሆ ወደ መጨረሻው ውጊያ ደረስን። ቦታው ዋይት ፎረስት የሚባለው የሮኬት ጣቢያ አካባቢ ያለው ሸለቆ ነው። ስትራይደሮች በዙር በዙር ይመጣሉ፣ ጠቅላላ 12 ናቸው፤ አንዱ እንኳ ጣቢያው ደርሶ ከተኮሰ ጨዋታው ያበቃል። ጸሐፊው የማጭበርበሪያ ኮድ መምከሩ አስገራሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የማይሞቱበትን ኮድ ብታስገቡ የማትሞቱት እናንተ ናችሁ፤ ጣቢያው ይሞታል። ኮዱ ለዚህ ውጊያ ምንም አይጠቅምም።

ስትራይደርን የሚያፈነዳው መሣሪያ የፈጣሪውን የዶክተር ማግነሰንን ስም ይዟል። ሰውየው ቁጡ ነው፤ በ1998ቱ የመጀመሪያ ጌም ውስጥ ማይክሮዌቭ ላይ ያኖረውን ምግቡን ያበላሸበትን ሰው እስከ ዛሬ አልረሳም፤ ያንን ጌም የተጫወቱ ምን እንደሚል ሲሰሙ ይስቃሉ። መሣሪያው ተጣባቂ ቦምብ ነው። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ ሸለቆው ውስጥ በተበተኑት ቤቶች አጠገብ ከቆሙት የቦምብ ማደያዎች በግራቪቲ ጋን ትወስዱታላችሁ፤ ወደ ስትራይደሩ ትጠጋላችሁ፤ ወደ ላይኛው አካሉ ትወረውራላችሁ፤ ከተጣበቀ በኋላ በማንኛውም ጠመንጃ ቦምቡን ትመታላችሁ። እግሩን ማነጣጠር ጥቅም የለውም፣ ቀጭን ነው፣ ይንቀሳቀሳልም። በጣም ከርቀት ከወረወራችሁ ይወርዳል፤ በጣም ከሥሩ ከሆናችሁ ደግሞ ሆዱን ታልፋላችሁ፣ እግሩም ይረግጣችኋል። ከተጣበቀ በኋላ ወዲያው ወደ ጠመንጃ ለመቀየር ቁጥር ቁልፉን አስቀድማችሁ እወቁት፤ በማውሱ ጎማ እየፈለጋችሁ ከሆነ ጊዜው ያልፋል። ሽጉጡ ቀጥ ብሎ ስለሚመታ ይበቃል፣ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው ግን አሁንም የሚሸነፍበት ምክንያት አለ፤ እሱም ሀንተሮቹ ናቸው። ከጥቂት ዙር በኋላ እያንዳንዱ ስትራይደር በሀንተሮች ታጅቦ ይመጣል። የእነሱ ዋና ሥራ እናንተን መግደል አይደለም፣ ቦምቡን መምታት ነው። እጃችሁ ላይ እያለም፣ አየር ላይ እያለም፣ ከተጣበቀ በኋላም ይመቱታል። ብዙ ሰው «ወረወርኩት፣ ጠፋ» የሚለው ይኼ ሲሆን ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ሀንተሮቹን መጀመሪያ፣ ስትራይደሩን ቀጥሎ። በመኪና ገብታችሁ አንዱን ግጩ፣ ወርዳችሁ ከእንጨት መሰንጠቂያው አካባቢ ግንድ አንሡ፣ የቀረውን በግንድ ምቱ፤ ሸለቆው እንደዚህ ዓይነት ከባድ ዕቃ ሞልቶታል፣ የተቀመጠውም ለዚሁ ነው። ቦምቡን ከማደያው አውጥታችሁ እንደያዛችሁ ሀንተር መዋጋት አይሆንም፤ ሁለት እጅ አንድ ሥራ ላይ ነው።

መኪናው ኋላ ላይ የአንድ ቦምብ ማስቀመጫ ተሠርቶለታል። ይህ ከሁሉ የሚጠቅም ዕቃ ነው፣ ብዙ ሰውም ይረሳዋል። ቦምቡን በግራቪቲ ጋን ወደ ማስቀመጫው አስጠጉት፣ ይያዛል፤ ስትደርሱ ወርዳችሁ በቀኝ ቁልፍ ስባችሁ ታወጡታላችሁ። አንድ ዙር እንዳለቀ ወዲያው ወደ ቅርቡ ማደያ ሂዱና ማስቀመጫውን ሙሉ። ያለ ቦምብ የሚጓዝ መኪና በሚቀጥለው ዙር ሩቅ ያለውን ስትራይደር ሲያይ መመለስ ይኖርበታል፣ ያ መመለስ ነው ጣቢያውን የሚያስመታው። መኪናው ላይ የተገጠመው ራዳር ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣ ያሳያል፤ ድምፅ ከመከተል እሱን ተከተሉ።

ከሁለት ስትራይደር በላይ በአንድ ጊዜ ሲመጣ የትኛውን ትቀድማላችሁ? ለእናንተ የቀረበውን አይደለም፤ ለጣቢያው የቀረበውን ነው። ስትራይደሮቹ በመንገዳቸው ላይ ያሉትን ቤቶች ያፈርሳሉ፣ ቤቱ ሲፈርስ ማደያውም መድኃኒቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ዙሮች ላይ ወጣ ብላችሁ ርቃችሁ ተዋጉ፤ ከጣቢያው በር ላይ ቆማችሁ ከጠበቃችሁ መጨረሻ ላይ ቦምብ የምትወስዱበት ቤት አይተርፍም። ሁሉንም ቤቶች ያዳነ ሽልማት ያገኛል፣ ሽልማቱን ባትፈልጉም ዘዴው ያው ነው። በእያንዳንዱ ዙር መሃል፣ ማስቀመጫው ሞልቶ፣ ጤናችሁ ተሟልቶ ሳለ አዲስ ሴቭ ክፈቱ። ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከከበዳችሁ፣ ከማውጫው የክብደት ደረጃውን በመሃል ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ከኮድ ይህ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አልናገርም። የጋዜጣችሁ ጽሑፍ የመጨረሻውን ትዕይንት በአንድ ሐረግ ተናግሮ ማለፉ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው። ከ2007 ጀምሮ ሦስተኛው ኤፒሶድ ሳይመጣ ቀርቷል፤ በመጋቢት 2020 የወጣው «ሃፍ ላይፍ፡ አሊክስ» ብቻ ነው ወደዚያ ትዕይንት ተመልሶ የነካው። ያንን ያህል ዓመት ሰው የተከራከረበት ነገር አንባቢው ራሱ ሊደርስበት ይገባ ነበር። ለወደፊቱ እንዲህ ዓይነቱን ዝርዝር ከመጻፋችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ አስቀድሙ።

አንድ ጊዜ የጨረሱ ሰዎች ሁለተኛውን ዙር በአዘጋጆቹ ማብራሪያ ቢጫወቱት ይጠቀማሉ። ከማውጫው ሲበራ በየቦታው የሚንሳፈፉ ምልክቶች ይታያሉ፤ ቀርባችሁ ኢ ስትጫኑ የሠሩት ሰዎች ያንን ክፍል ለምን እንደዚያ እንዳደረጉት ይናገራሉ። ትዕግሥት ላላቸው ደግሞ መጀመሪያው ጎጆ ውስጥ ያለችውን የአትክልት ቦታ አሻንጉሊት ድንክ ይዞ እስከ ሮኬቱ ማድረስ አለ። የሚያስቸግረው መኪናው ነው፤ መንገዱ ሲንገጫገጭ ድንኩ እየተወረወረ ይወድቃል፣ ስለዚህ በዝግታ ንዱ፣ ጎኑን እያያችሁ። ከመጨረሻው ውጊያ በፊት ሮኬቱ ላይ የተከፈተ ትንሽ መዝጊያ አለ፤ እዚያ አስገብታችሁ መዝጋት ነው። ቀልዱ ከጌሙ ወጥቶ እውን ሆኗል፦ በኅዳር 2020 ሮኬት ላብ የተባለው ኩባንያ ከኒውዚላንድ ባመጠቀው ሮኬት ላይ ከታይታኒየም የተሠራ ተመሳሳይ ድንክ ተጭኖ ነበር፤ የጌሙ ሠሪ የቫልቭ ኩባንያ መሪ ጌብ ኒውኤልም ማስወንጨፉን ለተመለከተ ሰው ሁሉ አንዳንድ ዶላር ለኦክላንድ የሕፃናት ሆስፒታል ሰጥቷል።

ዕድሜን በተመለከተ ወላጆች ይወቁት፤ ጌሙ በአሜሪካ ደረጃ 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው፣ ደሙና አስፈሪ ትዕይንቱም ደረጃውን ያጸድቃል።

በመጨረሻ ለዓምዳችሁ አንድ ሐሳብ። የዚህ ጌም የንግግር ጽሑፍ በአማርኛ የለም፣ መሥራት ግን ይቻላል። ንግግሩ ሁሉ በተራ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፤ በግራ በኩል የንግግሩ መለያ፣ በቀኝ በኩል የሚታየው ጽሑፍ አለ። የግራውን ፈጽሞ አትንኩ፣ የቀኙን ብቻ ተርጉሙ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያሉት የቀለምና የቆይታ ምልክቶችም እንዳሉ ይቀመጡ። ፋይሉ ዩቲኤፍ 16 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ካልተቀመጠ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፤ ብዙ ሙከራ የሚከሽፈው በዚህ ነው። ከዚያ ከጌሙ ጋር በሚመጣው ካፕሽን ኮምፓይለር በሚባል ፕሮግራም ጌሙ ወደሚያነበው ዓይነት ይቀየራል። ቀሪው የፊደል ቅርጽ ነው፦ ጌሙ የሚጠቀምበት የላቲን ፊደል ግዕዝ ስለሌለው፣ የፊደሉን ስም በሚወስነው ፋይል ውስጥ ኒያላን የመሰለ የግዕዝ ፊደል መጻፍ ያስፈልጋል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ እንደ ተጨማሪ ፊደል ስለሚቆጠር አስቀድሞ መጫን አለበት። የአንዱን ምዕራፍ ትርጉም ለመጀመር ፈቃደኛ የሆኑ አንባቢዎች ካሉ፣ ዓምዳችሁ ማን የትኛውን ምዕራፍ እንደያዘ ቢያስታውቅ ሥራው እንዳይደራረብ ይረዳል። ለመነሻ «ዚስ ቮርታል ኮይል» የሚለውን ሁለተኛውን ምዕራፍ እመክራለሁ፤ የግሪግስና የሼክሊ ንትርክ ያለው እዚያ ነው፣ አማርኛም ለንትርክ አያንስም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዓምዳችሁ ተከታታይ አንባቢ
አዲስ አበባ